ነዋሪው የሚጠየቀው መቼ ነው?

የከተማ ጤና በተነሳ ቁጥር ነዋሪው የሚጠራው ብዙውን ጊዜ ጥናቱ አልቆ፣ በጀቱ ተመድቦ ነው። አዳራሹ ይሞላል፣ አስተያየት ይሰጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ከእቅዱ ግን አንድ መስመር አይነካም። ይህን ተሳትፎ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ነዋሪው በጤናው ጉዳይ ሥልጣን አለው የምለው ከየትኛው ችግር እንደሚጀመር ሲመርጥና ገንዘቡ የት እንደገባ ራሱ ሲቆጣጠር ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃዬ በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ ያለው ኦራንጊ ነው። ያለ ፈቃድ የተቆረቆረ የድሆች ሠፈር ነበር፤ ፍሳሹ በየቅያሱ ይተኛ ነበር። የማኅበረሰብ ልማት ባለሙያው አክታር ሐሚድ ኻን እ.ኤ.አ. በ1980 እዚያ ፕሮጀክት ሲጀምሩ አስቀድመው ያደረጉት ሰዉን ማነጋገር ነበር። ነዋሪው ፍሳሹ እንደሚያስጨንቀው ነገራቸው፤ ማስወገጃውን ግን መንግሥት በነፃ እንዲሠራለት ይጠብቅ ነበር። ንድፉ ሲቀልና ተቋራጩ ሲቀር ወጪው ለአንድ ቤት 1,000 ሩፒ ገደማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከ20 እስከ 30 ቤት ያለው አብዛኛው ቅያስ ተጠሪውን እየመረጠ፣ መዋጮውን ራሱ እየሰበሰበና ራሱ እየያዘ ቱቦውን ቀበረ። ከፕሮጀክቱ ያገኘው የቅየሳ ካርታ፣ የወጪ ግምት፣ የመሣሪያ ውሰትና ምክር ነበር፤ ገንዘብ አልተሰጠውም። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ጥራት ጎድሏቸው ነበርና ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ ተሻሽሎ ግንበኞች ሠለጠኑ። ባለሙያ ያስፈልጋል ለሚሉኝ መልሴ ከዚሁ ይወጣል፤ በኦራንጊ ባለሙያው ነበረ፣ የሚመክረው ግን ወሳኙን ነዋሪ ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ድሃው ግብር እየከፈለ ቱቦም ይቅበር? መንግሥትስ በተሳትፎ ስም ግዴታውን አይሸሽም? ስጋቱ እውነት ነው። ኦራንጊዎች ግን ድንበሩን ለይተው አስምረዋል፦ የቤቱ መጸዳጃና የቅያሱ ቱቦ የነዋሪው፣ ዋናው መስመርና የፍሳሽ ማጣሪያው የመንግሥት። የካራቺ ፍሳሽ አብዛኛው ሳይጣራ ባሕር መግባቱ ጉድለቱ በየትኛው ወገን እንደቀረ ያሳያል። ድርሻውን የጨረሰ ሰፈር ባለሥልጣኑን የሚጠይቀው ካርታና ሒሳብ ይዞ ነው፤ ይህን ጉልበት ባዶ እጁን የሚለምን ሰፈር አያገኘውም።

አዲስ አበባ ለዚህ የሚሆን አደረጃጀት አላጣችም። እድር መዋጮ ይሰበስባል፣ ዳኛውን ይመርጣል፣ ሒሳቡን ለአባላቱ ያቀርባል፤ ኤች.አይ.ቪ. በበረታበት ዘመንም ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን ረድተዋል። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው ለጽዳት ዘመቻ መጥረጊያ ይዞ እንዲወጣ ብቻ መጠራቱ ያሳዝነኛል። እርግጥ ተከራዩና አዲስ ገቢው ከእድሩ መዝገብ ውጭ ሊቀር ይችላል፣ በስብሰባም የቤት ባለቤቱ ድምፅ ሊጎላ ይችላል። ስለዚህ ተከራይም ሴቶችም ድምፅ የሚሰጡበት የቅያስ ስብሰባ ያስፈልጋል። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ያዩትን መጀመሪያ ለዚያ ስብሰባ ያቅርቡ፤ ወረዳውም ለዓመቱ የመደበውን ገንዘብ ንድፉ ከመሠራቱ በፊት እዚያው ያሳውቅ።