ውሃን ወደ ቤታችን የምንጋብዘው እኛው ነን

ክረምት ላይ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል፣ ይቀባል፣ ያምራል። በዓመቱ ሐምሌ ሲገባ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ግንበኛው "የቧንቧ ሠራተኛው ነው" ይላል፣ የቧንቧ ሠራተኛው "አፈሩ ነው" ይላል፣ ባለቤቱ ደግሞ "ሲሚንቶዬን በልተውት ነው" ይላል። ማንም የማያነሳው አንድ ተጠርጣሪ አለ፤ ቧንቧው የተቀበረበት ቦይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ለማስገባትም ሆነ ፍሳሽ ለማውጣት ግቢው ይቆፈራል። ቱቦው አሸዋ ላይ ይተኛል፣ ከላዩ ፍርስራሽና ልቅ አፈር ይደፋበታል፣ በእግር ረገጥ ረገጥ ይደረግና አለቀ። በዙሪያው ያለው ያልተነካ አፈር ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውሃ ደግሞ የቀለለውን መንገድ ነው የሚመርጠው። ስለዚህ የግቢው ዝናብ ወደ ቦዩ ይሰበሰብና ቱቦውን ተከትሎ ቀጥታ ወደ መሠረቱ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቱቦው ራሱ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ነው። ቤቱ ከመንገድ ዝቅ ብሎ የተሠራ ከሆነማ ተዳፋቱም ያግዘዋል።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። በቦሌ በኩል ያለውን ጨምሮ በብዙ ሰፈር መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢነሳና እኩል ቢወርድ ጉዳቱ ባነሰ ነበር። በቦዩ የገባው ውሃ ግን አንዱን ጥግ ብቻ ያርሰዋል። ያ ጥግ ይነሳል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል፣ መሃል ያለው ግድግዳ ይቀደዳል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ክረምት ላይ አልዘጋ ብሎ በጋ ላይ የሚላቀቅ በር፣ ቱቦ በሚገባበት በኩል የሚረጥብ ወለል ካያችሁ፣ ቀለም ቀቢውን ተዉትና ቦዩን ጠርጥሩ።

መፍትሔው የውሃውን መንገድ መቁረጥ ነው። ቦዩ መሠረቱ ጋ ሲደርስ፣ የመጨረሻው አንድ ሜትር ተኩል ውስጥ አሸዋም ጠጠርም አይግባ። እዚያ ቦታ ላይ ውሃ የማያሳልፍ፣ እርጥበት የያዘ የሸክላ አፈር በቦዩ ሙሉ ስፋት፣ ከታች እስከ ላይ፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ከቱቦው ሥር ያለው አሸዋም እዚያ ጋ ይቋረጥ፤ ካልሆነ ውሃው በሥር ሾልኮ ያልፋል። ቱቦው መሠረቱን ሲያቋርጥ ከሱ ሰፋ ባለ ሌላ ቱቦ ውስጥ ይለፍ፣ ክፍተቱም በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዘጋ። የአሸንዳ ውሃ ቦዩ ላይ አይውረድ። የግቢው መሬት ደግሞ ከግድግዳው ጀምሮ በ3 ሜትር ውስጥ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል።

እዚህ ውስጥ ውድ ዕቃ የለም። አፈር፣ መጠቅጠቂያና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ታዲያ ለምን አይሠራም? የሚቀበር ሥራ ስለሆነ ነዋ! ሴራሚክ ይታያል፣ ጂፕሰም ይታያል፤ ቦይ ግን ቲክቶክ ላይ አይለጠፍም። ደግሞም ባለቤት የለውም። ግንበኛው መሠረቱን ጨርሶ ሄዷል፣ የቧንቧ ሠራተኛው የተስማማው ቱቦ ለመዘርጋት ነው፣ አፈር የሚመልሰው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ቶሎ እንዲጨርስ ነው የሚነገረው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የቦይ አሞላል በውሉ ላይ በስም ይጻፍ፣ ቦዩ ታይቶ ሳይደፈን የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ለሠራው ሕንፃ ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ከአፈሩ ጠባይ የተነሳ የሚደርስ ጉዳትም በዚሁ ውስጥ ይገባል። "አፈሩ ነው" የሚለው ሰበብ ያን ያህል አያስኬድም ማለት ነው። ግን ውልም ፎቶም ከሌለ ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ?

"እኔ ገና ቤት የለኝ፣ ምን አገባኝ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አባት ሥራ ሲውል፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የላከችው ብር ግቢ ውስጥ ሲቆፈርበት፣ አጠገቡ ስልክ ይዞ የሚቆመው ማነው? እናንተ ናችሁ። እንግዲያው ቦዩ ሳይደፈን ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። የእያንዳንዱን ንብርብር አጠቃጠቅ ቪዲዮ ቅረጹ። ውሃ ባለበት ቀን ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን እዩ፤ ከዞረ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የእህታችሁን የዓመታት ላብ እንዳይወስድ፣ ግማሽ ቀን ቦዩ አፍ ላይ ቁሙ።