ያፈሩበት ዕቃ አይበረክትም

ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ቢያደርግ አዋቂ መሰለ ይባልለታል። ጆሮው የደከመ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ቢያደርግ ግን መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየዋል። የዛሬው ጨዋታችን ይህን ትንሽ መሣሪያ ከመጥፋትና ከመበላሸት ስለ መጠበቅ ነው።

ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ መሣሪያውን የሚያደርገው በትምህርት ሰዓት ብቻ ነበር። የዕረፍት ደወል ሲደወል ጓደኞቹ እንዳይስቁበት አውልቆ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል። አንድ ቅዳሜ እናቱ ኪሱን ሳይፈትሹ የትምህርት ቤት ልብሱን ዘፈዘፉት። ሰኞ ዕለት ጥያቄ ብጠይቀው አፍ አፌን እያየ ዝም አለ። እኔም ነገሩን ሳላውቅ «ልብህ የት ሄደ?» ብዬ ተቆጣሁት፤ ይህ ቁጣዬ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። መሣሪያውን ያበላሸው ውሃ ነው፤ ኪስ የከተተው ግን የእኛ ሳቅ ነው።

እንግዲህ ዕቃው ሁለት ቦታ ብቻ ይኑረው፤ ወይ ጆሮ ላይ፣ ወይ ማኅደሩ ውስጥ። በወረቀት የተጠቀለለ እንደሆነ ከጥራጊ ጋር ይጣላል። ትራስ ሥር ያደረ ይሰበራል፤ መሬት የወደቀውንም ውሻ ያኝከዋል። ለሕፃን ከሆነ በቀጭን ገመድ ከልብሱ ጋር ማያያዝ ይበጃል።

ዋናው ጠላቱ እርጥበት ነው። ገላ ከመታጠብና ራስ ቅቤ ከመቀባት በፊት ይውለቅ። ላቡና አቧራው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ ውሃም አልኮልም አይንካው። ማታ የባትሪውን በር ከፍቶ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ባለበት ክዳን ባለው ዕቃ ማሳደር ነው፤ ይህም በክረምት ይብሱን ያስፈልጋል። ረጠበ ብሎ ምድጃ ዳር ማስጣት ግን ጨርሶ መግደል ነው።

የዚንክ ባትሪ የሚሠራው አየር ሲገባው ነው። ስለዚህ ልጣፉን አንድ ጊዜ ከላጡት መልሶ መለጠፍ አያድነውም፤ ሳይፈለግ አይላጥ። ከልጆችም ይራቅ፤ የተዋጠ ባትሪ የውስጥ አካልን ሊያቃጥል ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ያ ልጅ ሌላ መሣሪያ እስኪያገኝ ድረስ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ከንፈሬን ሲያነብ ከረመ። አዲሱን ይዞ የመጣ ዕለት ለክፍሉ ልጆች አሠራሩን ራሱ እንዲያስረዳ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ሰዓት አያወልቀውም፤ ኳስ ሊጫወት ሲል ብቻ ከነማኅደሩ ለእኔ አደራ ይሰጠኛል።