አባይን መሻገር ብቻ ነው ወይ የምናውቀው?

እኛ ጎጃሜዎች በአባይ ተከበን ነው የምንኖረው። ካርታውን ዘርግታችሁ ተመልከቱት፤ ከጣና ይወጣና በምሥራቅ ወርዶ፣ በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ጎጃምን እንደ መቀነት ጠምጥሟታል። ዘፍነንለታል፣ ፎክረንበታል፣ ተሟግተንለታል። ግን እስቲ እርስ በርስ እንጠያየቅ፤ ከመካከላችን በአባይ ላይ የተጓዘ ማን ነው?

መሻገሩን አላልንም። ከደጀን ቁልቁል እየተጠማዘዙ ወርዶ በድልድዩ ወደ ጎሐ ጽዮን ማለፍማ የአዲስ አበባ መንገደኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኛ የምንለው ወንዙን ተከትሎ መውረድን ነው። ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባልለት አባይ ግንዱን ይዞ ሲሄድ እኛን ዳር ላይ ትቶናል።

የተጓዙበትማ አሉ። አሜሪካዊው ማክሚላን በ1895 ዓ.ም. በብረት ጀልባዎች ሞክሮ፣ ብዙም ሳይርቅ ጀልባዎቹ ተሰባበሩበት። በ1960 ዓ.ም. ክረምት እንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል ወታደሮችንና ሳይንቲስቶችን አስከትሎ መጣ። ከመነሻዎቻቸው አንዱ ሸፈርታክ፣ ማለትም ያው በአውቶቡስ የምናልፍበት የደጀኑ መሻገሪያ ነበር። ከመካከላቸው አንድ ወታደር ውሃ ወስዶት ቀረ። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ተነስተው በሚያዝያ ሜዲትራኒያን ባሕር ደረሱ። ጉዟቸውም ፊልም ሆኖ ዓለም አየው።

የሁለቱን ጉዞ ወቅት ልብ በሉልን። የ1960ዎቹ ክረምትን መረጡ፤ ሞተር ያላቸው ከባድ ጀልባዎች ከድንጋዩ በላይ የሚያንሳፍፋቸው ብዙ ውሃ ይሻሉና። የ1996ቹ በጋን መረጡ፤ ውሃው ሲጎድል ድንጋዩ ቢያገጥም እንኳ የወንዙ ጉልበት ይቀንሳልና። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በጀልባ ለመጓዝ ማቀድ ማለት አስቀድሞ ጊዜን መምረጥ ነው።

በባሕር ላይም ያው ነው። ከታይላንድ ፉኬት ተነስቶ፣ በማሌዥያዋ ላንግካዊ በኩል የማላካን ሰርጥ ይዞ ወደ ሲንጋፖር በሸራ ጀልባ የሚወርድ ሰው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ይጠብቃል። ያን ጊዜ የሰሜን ምሥራቁ ሞንሱን ይነፍሳል፤ በዚያ በኩል ያለው ባሕር ይረጋጋል። ጥልቀቱ በካርታ ተጽፎለታል። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በሰንጠረዥ ወጥቶለታል። የት መልሕቅ እንደሚጥል፣ ትላልቅ መርከቦች በየት እንደሚያልፉ፣ የየአገሩን መግቢያ ፈቃድ የት እንደሚያስመታ ከእሱ በፊት ያለፉት ጽፈውለታል። ድፍረቱ የሱ ነው፤ ዕውቀቱ ግን የብዙ ሰው ነው።

የአባይስ ዕውቀት የት ነው ያለው? በባሶ ሊበን፣ በሸበል በረንታና በእነብሴ ገበሬዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። የትኛው መሻገሪያ በየትኛው ወር እንደሚጠልቅ፣ አዞው የት እንደሚተኛ፣ ገደሉ በየትኛው ቀዳዳ ወደ ደጋ እንደሚያስወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በደጀን በኩል ወንዙ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አፋፉ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ። እግሩ የተሰበረ ወይም ወባ የጣለው ሰው ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው በቃሬዛ፣ በገበሬ ትከሻ ነው። ስለዚህ የአባይን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ከየት እገባለሁ ከማለቱ በፊት በየት እወጣለሁ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሌላም አለ። በረሃው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጮቄ ላይ ከዘነበ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ሞልተው ይወርዳሉ። ከታች ያለው ሰው ደመና ሳያይ ጎርፍ ያያል። ይህንን የሚነግረው የአፋፉ ሰው እንጂ ከውጭ ያመጣው መጽሐፍ አይደለም።

መጽሐፉማ አርጅቷል። ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ውሃ ከፊሉ በሌላ በር ስለሚወጣ፣ ከባሕር ዳር በታች ያለው ወንዝ የድሮዎቹ መንገደኞች ያዩት አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ደግሞ የታችኛውን ወራጅ ውሃ ሐይቅ አድርጎታል። የ1960ው ቡድን በሞተር የወረደበት ሸለቆ ዛሬ ከፊሉ ንጋት ሐይቅ ሥር ነው። እንግዲህ አዲሱን የሚጽፍ ማን ነው?

እዚህ ላይ «ገበሬው መንገድና መድኃኒት ሳያገኝ የምን የጀልባ ሽርሽር ነው?» የሚለን አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሳችን ሰባራ ድልድይ ነው። ከሞጣ ቁልቁል ያለው ይህ የፋሲል ዘመን ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ ቀረ። ጎጃሜውና ቤጌምድሬው ስልሳ ዓመት ያህል ወገባቸውን በገመድ ታስረው ከወንዙ በላይ እየተጎተቱ ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የናሽናል ጂኦግራፊክ ቡድን በጎማ ጀልባ ወረደ፤ መጽሔቱም በገመድ የሚጎተተውን ሰው ፎቶ አወጣ። ያን ፎቶ ያየ ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ድልድዩን አስጠገነ። በኋላም ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ደስ ይላል፤ ያሳፍራልም። ስልሳ ዓመት ያላየነውን በጀልባ ያለፈ እንግዳ አየው። ወንዙን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ድልድይ የሌለበትን፣ ጤና ጣቢያ የራቀበትን፣ ሰው በተነፋ ስልቻ የሚሻገርበትን ቦታ ሁሉ በተራ ያያል። የሚሻገር ሰው ግን የሚያየው የራሱን መሻገሪያ ብቻ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ያየውን ግጭት አልረሳንም። ዛሬ ተነሱና ጀልባ ይዛችሁ ውረዱ አንልም፤ የሚልም ካለ አትስሙት። ማቀድ ግን ጥይት አይመታውም። ከየቆላው ወረዳ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ልጆች አሉ። ለዕረፍት ቤታቸው ሲገቡ አባቶቻቸውን ይጠይቁ፤ የመሻገሪያውን ስም፣ ውሃው የሚሞላበትን ወር፣ የመውጫ ቀዳዳውን፣ ሰው የጠፋበትን ቦታ። የነጋሪውንም ስም ይጻፉ። እስካሁን የምናውቀው የጀልባ አለቆቹን ስም እንጂ መንገድ የመሩትን፣ ዕቃ የተሸከሙትን፣ በቃሬዛ ያወጡትን አይደለም። ያ ደብተር ሰላም በሆነ ቀን ለመንገደኛው ካርታ፣ ለቆላው ልጅ የመሪነት እንጀራ፣ ለመንግሥትም ድልድይ የት እንደጎደለ መንገሪያ ይሆናል።

የሚያውቁት ሽማግሌዎች እየሄዱብን ነው። ድልድይ በተሠራ ቁጥርም መሻገሪያው ይረሳል፤ መረሳቱ ለተሻጋሪው እሰየው ነው፣ ሳይጻፍ መረሳቱ ነው ክፋቱ። እኛ ከአሁኑ ካልጻፍነው ነገም የወንዛችንን መንገድ የሚነግረን ፓስፖርት አስመትቶ የገባ እንግዳ ነው።

ቸር ያሰንብተን።