የማኅበሩ የግብር ከለላ ለማን ነው?

ዛሬ ከዋጋ ዝርዝሩ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ግብር እናውራ፤ የላስታ ምስርና ባቄላ ዋጋ ውስጥ እሱም አለበትና።

«የግብር ከለላ» ሲባል ብዙ ሰው ገቢ መደበቅ ይመስለዋል። አይደለም። ገቢ መደበቅ ወንጀል ነው። ከለላ ግን ሕጉ ራሱ ከፍቶ የሰጠው በር ነው። በእኛ ንግድ ለገበሬው የተከፈተው ትልቁ በር አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከገቢ ግብር ነፃ ነው፣ አባሉ ግን ከሚደርሰው የትርፍ ክፍፍል ላይ ግብር ይከፍላል። (የሠራተኛ ደመወዝ ግብር ቆርጦ ማስገባት ለማኅበሩም አይቀርለትም፤ ይሄን የሚረሱ አሉ።)

በብር እንየው። አንድ የግል ድርጅት በምስር 1 ሚሊዮን ብር ቢያተርፍ 30 በመቶው፣ ማለትም 300 ሺህው፣ ለመንግሥት ይሄዳል። ዩኒየን ያንኑ ቢያተርፍ 300 ሺህው እጁ ላይ ይቀራል። ታዲያ ያ ገንዘብ የት ገባ?

የላሊበላ አገር ይህን ጥያቄ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። ነገሥታት ለአድባራት ጉልት ሲሰጡ የሚሰጡት የራሳቸውን ግብር ነበር። ገበሬው ግን ከመክፈል አልዳነም፤ የተለወጠው እህሉን የሚያስገባበት ደጅ ብቻ ነው። እስከ 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ እንዲሁ ዘለቀ።

ዛሬም ነጋዴ በራሱ ብር የሰበሰበውን ምስር በማኅበር ደረሰኝ ካሳለፈ ነገሩ ያው ነው። ከለላው የነጋዴው ሆነ፣ ስሙ ብቻ የገበሬ። እኔ ይሄን ብልጠት አልለውም። ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ስሙን ያዋሰው ማኅበር ነው፤ ነጋዴውማ ያኔ ስልኩን አጥፍቷል።

ስለዚህ የዩኒየን አባላት፣ የቅዳሜ ገበያን ዋጋና ማኅበራችሁ የከፈላችሁን አስተያዩ። እኩል ከሆነ፣ ዓመቱ ሲዘጋ የትርፍ ክፍፍሉ ልዩነት ማምጣት አለበት። እሱም ከሌለ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሒሳቡ ይነበብልን በሉ፤ መብታችሁ ነው።

ላኪዎችም ከዩኒየን ስትገዙ ደረሰኙን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ምርቱ ከየትኞቹ አባላት እንደተሰበሰበ የሚያሳየውን መዝገብ ቅጂ ጠይቁ። የሌለው ዩኒየን ከሆነ፣ ቅናሽ ቢያደርግላችሁም እኔ ብሆን አልጭንም።