ሪጎሬውን ያስደገመው ዳኛና የበረኛው እህት

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ የመጣው ከወላይታ ዞን፣ ከጉኑኖ ከተማ ነው። ፖስታውን ስከፍተው እንደተለመደው "አፈቀርኳት፣ እሷ ግን..." የሚል መስሎኝ ነበር። ፍቅርስ አለበት፤ ብቻ መሐሉ ላይ ፊሽካ የያዘ ሰው ቆሟል።

ጸሐፊው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ባጃጅ ይነዳል፤ ክረምት ክረምት ደግሞ የሰፈር ጨዋታ ያጫውታል። እንዲህ ይላል፦

"ባለፈው ክረምት በወጣቶች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ዳኛ ነበርኩ። አንደኛው ቡድን ጨዋታውን ሙሉ በሩ ላይ ተከምሮ ሲከላከል ዋለና ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ወደ መለያ ምት ሄድን። የተቃራኒው ቡድን የመጨረሻ መቺ አግዳሚውን መታና ኳሷ ወጣች። በረኛው ግን ኳሷ ሳትመታ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። 'ይደገም' አልኩ። ሲደገም ገባች፤ እነሱም ተሸንፈው ወደቁ። ችግሩ በረኛው የፍቅረኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የለንም። 'ያ ሰው ደጃችን ዝር እንዳይል' ብሏል። አባታቸው ስለሞቱ የቤቱ አዛዥ እሱ ነው። ከጊፋታ በኋላ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን እሷም ስልኬን የምታነሳው ተደብቃ ነው። ፍርዴ ትክክል አልነበረም? ምን ላድርግ?"

ወንድሜ፣ መራራዋን አስቀድሜ ልንገርህ። ሳትሳሳት አልቀረህም። ዓይንህ ግን አልተሳሳተም፤ የተሳሳትከው ሕጉ ላይ ነው።

በረኛ ኳሷ ስትመታ ቢያንስ የአንድ እግሩ ከፊል መስመሩ ላይ፣ በመስመሩ ትይዩ ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት። ወጥቶ ኳሷን ካዳናት ይደገማል። ከገባች ጎል ናት፣ አለቀ። አንተን የጣለህ ግን ሦስተኛው ነው፦ ኳሷ ወደ ውጪ ከወጣች ወይም አግዳሚ ከመለሳት የሚደገመው የበረኛው ጥፋት መቺውን በግልጽ ካወከው ብቻ ነው። አውኮታል ካልክ ይሁን፤ ደብዳቤህ ላይ ግን "ወጥቷል" እንጂ "አውኮታል" አላልክም።

ደግሞ ይህን ስህተት ከአንተ በፊት ትልልቆቹም ተከራክረውበታል። ሰኔ 2011 ዓ.ም. በሴቶች የዓለም ዋንጫ ፈረንሳይ ከናይጄሪያ ስትጫወት የፈረንሳይዋ መቺ ሪጎሬውን ቋሚ መለሰባት። በቪዲዮ ሲታይ በረኛዋ ከመስመር ወጥታለች ተባለና ተደገመ፤ ገባ፤ ናይጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ዓለም ጮኸ፤ በኋላም ሕጉ አሁን በነገርኩህ መልክ ተስተካከለ። በተስተካከለው ሕግ በረኛው መጀመሪያ ሲያጠፋ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደግም ቢጫ ነው። አንተ እንግዲህ በአሮጌው ሕግ አጫውተሃል ማለት ነው።

"ተከምሮ ሲከላከል ዋለ" ያልከው ላይ ደግሞ ትንሽ ንዴት ሸተተኝ። ወንድሜ፣ መከላከል ጥፋት አይደለም፤ በጥሎ ማለፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብልሃት ነው። የራስህን አገር ቡድን አስታውስ እንጂ! በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብጹን ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ግን ዛማሌክ ያገባት አንዷ ጎል እሾህ ነበረች፤ ካይሮ ላይ 1 ለ 0 ብቻ ቢያሸንፍ ከሜዳው ውጪ ባገባት ጎል ያልፋል። ድቻ ካይሮ ላይ አንድ ሲያገባ ያ ሂሳብ ፈረሰ። ጨዋታው 2 ለ 1 ለዛማሌክ አለቀ፤ ድምሩ 3 ለ 3፣ ከሜዳ ውጪም አንድ አንድ። ጭማሪ ሰዓት ሳይኖር በቀጥታ ወደ መለያ ምት ተሄደና ድቻ 4 ለ 3 አለፈ። (በቀጣዩ ዙር የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በድምር 2 ለ 1 ጣለው፤ እሱን ለጊዜው እንርሳው።) እስቲ ያን ቀን ካይሮ ላይ አንዲት ምት ያለ አግባብ ተደግማ ድቻ ወድቆ ቢሆን ኖሮ፣ አንተ ራስህ ያን ዳኛ ዛሬ ሰላም ትለው ነበር?

የዳኛ ቂም ቶሎ አይሽርም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስትረታን፣ የኛ ልጅ የመታት ኳስ መስመር አልፋ ነበር ያልን እስከ ዛሬ አፋችን አልተዘጋም። ሁለተኛዋ የናይጄሪያ ጎል በ90ኛው ደቂቃ በሪጎሬ መግባቷ ደግሞ ጨው ነሰነሰበት። የመልሱን 2 ለ 0 ሽንፈት ግን ብዙ የሚያወራው የለም።

እና ምን ታድርግ? ልጁን ብቻውን አግኘው፤ የባጃጅ ተራ ላይ ጓደኞቹ ፊት አይሁን። "ከመስመር ወጥተህ ነበር፣ እኔ ግን ሕጉን በትክክል አላወቅኩትም" በለው። ሁለቱንም ንገረው፤ የመጀመሪያውን ከዋጥክ ልትለማመጠው የመጣህ ይመስለዋል። ዋንጫው እንደሆነ አይመለስም፣ እሱም ያውቃል። ሽማግሌ ለመላክ አትቸኩል፤ ጊፋታ የተጣላ የሚታረቅበት ነውና መጀመሪያ ለዕርቅ፣ ቆይቶ ለጋብቻ ይሂዱልህ። እስከዚያ ልጅቷን በወንድሟ ላይ አታስነሳት።

ሌላው፣ የፍቅረኛህ ወንድም በረኛ በሆነበት ጨዋታ ፊሽካውን ማን ሰጠህ? ለሚቀጥለው ክረምት "እኔ አላጫውትም" በል።

አንድ ነገር ግን ደብቀኸናል። ያን ቀን እሷ ሜዳ ነበረች? ከነበረች፣ "ይደገም" ስትል ምን አለች?