ጭሱ የሚሰማው በየትኛው ችሎት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2007 የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ የግሪንፒስ ሰዎች እንግሊዝ ኬንት ውስጥ ባለው የኪንግስኖርዝ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ 200 ሜትር ጭስ ማውጫ ላይ ወጡ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ «ጎርደን፣ ጣለው» ብለው ሊጽፉ አስበው ነበር፤ ከስሙ ሳያልፉ ወረዱ። ቀለሙን ማስለቀቅ 30,000 ፓውንድ ገደማ ፈጀ። ንብረት በማበላሸት የተከሰሱት ስድስቱም አድራጎቱን አልካዱም። ይሁንና የ1971ዱ ሕግ የሌላን ንብረት ከአደጋ ለማዳን ብሎ ንብረት ላበላሸ ሰው መከላከያ ይሰጣል። የናሳው ሳይንቲስት ጄምስ ሃንሰን ጭሱ ምን እንደሚያደርስ ችሎት ቀርቦ አስረዳ፤ ከተራ ዜጎች የተውጣጣው ጁሪ በ2008 ሁሉንም በነጻ አሰናበታቸው።

ጁሪ እንዲህ ያለ ምክንያት የሚሰማበት በር ዛሬ ጠብቧል። በመጋቢት 2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በሌላው የሕጉ አንቀጽ፣ ማለትም «ባለንብረቱ ነገሩን ቢያውቅ ይፈቅድልኝ ነበር» በሚለው መከላከያ ላይ ብይን ሰጠ፦ ተከሳሽ ስለ አየር ንብረት የሚያወራው ከጉዳቱ በጣም የራቀ ነው። ሦስት ወር ቆይቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰሪ በተባለው የእንግሊዝ አውራጃ ላለ የነዳጅ ጉድጓድ የተሰጠውን ፈቃድ ሕገ ወጥ አለው፤ ዘይቱ ወደፊት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ አልተገመገመም ነበርና። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ናቸው ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ አንዱ የወንጀል ሌላው የፈቃድ ነው። ግን ገና ካልተቀዳ ዘይት ጋር የሚቆጠር ጭስ፣ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ለቆመ ሰው ሲሆን እንዴት ይርቃል?

ጠንካራው ተቃውሞ «ምክንያት አለኝ ያለ ሁሉ መዶሻ ያንሳ ወይ?» የሚለው ነው። አያንሳ። በ2022 ለንደን ውስጥ በቫን ጎግ የሱፍ አበቦች ላይ የቲማቲም ሾርባ የደፉትን አልከላከልም፤ መስታወቱ ሥዕሉን አዳነው፣ ክፈፉ ግን ተጎዳ፣ ሥዕል ደግሞ ጭስ አያወጣም። (በአንዱ ላይ የተፈረደው የሁለት ዓመት፣ በሌላው ላይ የተፈረደው የ20 ወር እስራት ግን ለአንድ ክፈፍ በዛ።) ጁሪ ምክንያት ሰማ ማለት በነጻ አሰናበተ ማለት አይደለም። ሰምቶ ጥፋተኛ ሊል ይችላል፤ የምቃወመው ሳይሰማ እንዲፈርድ መደረጉን ነው።

ኪንግስኖርዝ በ2012 መጨረሻ ተዘጋ። የዘጋው ቀለሙ ሳይሆን የአውሮፓ ኅብረት የብክለት ሕግ ነው፤ «ሕግ አውጪው ይበቃል» የሚሉ ይህን ቢያነሱብኝ አልከራከርም። ያ ሕግ ሲወጣ ግን ስለ ጭሱ ተወርቷል።