ጥይቷን ብቻ አትክሰሱ

ባለፈው እትም «ታላቁን ጦርነት ማን ጀመረው» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ አነበብነው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ እስኪበላ ድረስ ደጋግመን አነበብነው። ጸሐፊው ወንድማችን ነው፤ ካንድ ቧንቧ ተሰልፈን ውኃ የምንቀዳ ነን፤ የእጅ ጽሑፉም ከኛ ያምራል። ነገር ግን የጻፈው ስሕተት ነው። ተራ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በሰላምታ ባለፍነው፤ ወረቀትም እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ይህ ግን ሌላ ስሕተት የሚወልድ ስሕተት ስለ ሆነ ዝም ማለቱን አልወደድነውም።

ክርክሩ ባጭሩ ይህ ነው። ጁን 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ ላይ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድን በጥይት ገደለ። አውሮፓ የደረቀ ሣር ነበረች፤ ክብሪቱ ተጫረ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ሊያቆም የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ሲደመድምም፣ ፈረንጅ እርስ በርሱ ተባላ፣ እኛን አይመለከተንም፣ ይላል። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ የውሎቹ ቀን እንዳይምታታ ብለን ነው።)

በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ይህንኑ ተረት እኛም አስተምረናል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፍለን፣ በቀኝ «የቅርብ ምክንያት» በግራ «የሩቅ ምክንያት» ብለን ጽፈን፣ በፈተና ጊዜ «የአልጋ ወራሹ መገደል» ብሎ ለመለሰ ሁሉ ሙሉ ነጥብ ሰጥተናል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «መምህር፣ ሰውዬው የሞተው በጁን መጨረሻ ነው፤ ጦርነቱ የተጀመረው በኦገስት ነው፤ በመካከሉ ያለው ወር ምን ተሠራበት?» ብሎ ጠየቀ። ሰዓት አልቋል አልነው። ሰዓቱ አላለቀም ነበር፤ መልሱን አናውቀውም ነበር። እነዚያ ያስተማርናቸው ልጆች ዛሬ በየገጠሩ መምህራን ናቸው፤ ተረቱን እያስተማሩልን ነው።

ነገሩ እንደገና የተነሣብን ሜኔሊክ አደባባይ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት በወረቀት ጉዳይ ከተማ ወርደን፣ የሄድንበት ቢሮ ቅጽ አስሞልቶ «ነገ ተመለሱ» ስላለን፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ከአደባባዩ ዳር ካሉት ቅስት በረንዳዎች ሥር ተቀመጥን። አደባባዩ ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከወጣች ወዲህ በመንግሥት ስሙ የጁን 27 አደባባይ ነው፤ ሰዉ ግን ዛሬም ሜኔሊክ ይለዋል። የፈረንሳይ ወታደሮች አለፉ፤ ቀጥለው አሜሪካኖች አለፉ። በዚህች ትንሽ አገር ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ኢጣልያና ቻይና እያንዳንዳቸው የጦር ሰፈር አላቸው። ከመሐላችን አንዱ «እነዚህ ቢጣሉስ?» አለ። ሌላው «አንድ እብድ ካልተኮሰ ምን ያጣላቸዋል?» ሲል መለሰ። የወንድማችን ጽሑፍ ከኛ ቀድሞ ከተማ ደርሷል ማለት ነው!

እንግዲያስ ከዚያው ከተቀመጥንበት እንነሣ። ታላቁ ጦርነት አይመለከተንም ለሚለው ሁሉ የመጀመሪያው መልስ በዚያ ወደብ በኩል አልፎ ሄዷል።

በ1898 ማርሻን የሚባል የፈረንሳይ መኮንን አፍሪቃን ከምዕራብ ሰንጥቆ ጁላይ 10 ቀን ነጭ ዓባይ ዳር ፋሾዳ ገባና የአገሩን ባንዲራ ተከለ። ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የደጃዝማች ተሰማ ናደው ጦር፣ ፈረንጆች አብረውት፣ ሶባት ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት ደርሶ ተመልሶ ነበር፤ ሳይገናኙ ቀሩ። በሴፕቴምበር የእንግሊዙ ኪችነር ኦምዱርማን ላይ ድል አድርጎ በመርከብ ወንዙን ሽቅብ መጣ። ሁለት ባንዲራ ባንድ ምሽግ ቆመ። ለንደንና ፓሪስ ለጦርነት ተፋጠጡ፤ ጋዜጦቻቸው ደም ደም ይሉ ነበር። ሣሩ ደርቋል፤ ክብሪቱም ተጭሯል። ታዲያ ምን ሆነ? የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዴልካሴ ሒሳቡን ሠርቶ፣ ጦሩ ለቆ ይውጣ አለ። ጦሩም በዲሴምበር ለቀቀ። ማርሻን በባሮ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ በሜይ 1899 ከዚሁ ከጅቡቲ መርከብ ተሳፍሮ አገሩ ገባ።

ወንድማችን ይህን ይመልስልን። በ1898 እሳቱን ማቆም ከተቻለ በ1914 «የሚያቆም ሰው አልነበረም» የሚባለው በምን ማስረጃ ነው?

ነገር ግን ፋሾዳ ላይ የቀረው ጦርነት በነጻ አልቀረም። የተከፈለው በሰው ገንዘብ ነው። በኤፕሪል 1904 እንግሊዝና ፈረንሳይ ታረቁ፤ የዕርቁ ዋና ቃል እንግሊዝ በግብፅ፣ ፈረንሳይ በሞሮኮ እንዳሻቸው ይሁኑ የሚል ነው። ግብፅም ሞሮኮም አልተጠየቁም። ከዚያም ተራው የኛ ሆነ። ዲሴምበር 13 ቀን 1906 ለንደን ላይ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአፉ የኢትዮጵያን አንድነት እንጠብቃለን ይላል፤ በሆዱ ግን የዓባይን ውኃ ለእንግሊዝ፣ የባቡሩን መሥመር ለፈረንሳይ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ በስተጀርባ ያለውን ለኢጣልያ ጥቅም ብሎ አካፍሏል። አድዋ ከተመታ አሥራ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም! ለዐፄ ምኒልክ ሰነዱ የቀረበላቸው ሦስቱ ከተስማሙ በኋላ ነው፤ እሳቸውም ሥልጣናቸውን የሚቀንስ እንዳይሆን አስታውቀው መለሱ። በስማቸው የሚጠራው አደባባይ ላይ ተቀምጠን «አይመለከተንም» ስንል አለማፈራችን ይገርማል።

አሁን ካርታ ያለው ካርታውን ይዘርጋ። ጀርመን ከሞሮኮው ድርሻ ስለ ተገለለች በ1905 ቄሣሯ ራሱ ታንጀር ወረደ፤ በ1911 ደግሞ አጋዲር ፊት ለፊት የጦር መርከብ አቆመች። በሁለቱም ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ የበለጠ ተጠጋጉ። ፈረንሳይ ሞሮኮን ልትጠቀልል መሆኑን ያየችው ኢጣልያ፣ ድርሻዬ አያምልጠኝ ብላ በሴፕቴምበር 1911 በሊቢያ ሰበብ በቱርክ ላይ ጦርነት አወጀች። ለዚያም ጦርነት የኤርትራ አስካሪዎች ከምጽዋ በመርከብ ተጭነው ሄደዋል። ቱርክ ሊቢያ ላይ ስትደክም ያዩት የባልካን መንግሥታት በኦክቶበር 1912 ወጓት። ከዚያ ጦርነት ሰርቢያ ግዛቷን እጥፍ ያህል አድርጋ ወጣች፤ ኦስትሪያም ጎረቤቴ ሳታድግ ልምታት ማለት አበዛች። ሳራዬቮ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጣታችሁን ከፋሾዳ ወደ ሞሮኮ፣ ከሞሮኮ ወደ ትሪፖሊ፣ ከትሪፖሊ ወደ ባልካን ውሰዱት። ልጁ የተኮሰባት ሽጉጥ የመንገዱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለችም።

ጦርነቱ ከተጀመረም በኋላ ልማዱ አልቀረም። ኢጣልያ የጀርመንና የኦስትሪያ ቃል ኪዳን አባል ሆና ሳለ ገለልተኛ ነኝ አለች፤ በኤፕሪል 1915 ለንደን ላይ በምሥጢር ከሌላው ወገን ጋር ተፈራረመች። ከተገባላት ተስፋ አንዱ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪቃ ግዛት ከወሰዱ የኤርትራ፣ የሶማሊያና የሊቢያ ወሰን ለሷ እንዲያደላ የሚል ነበር። ኦክቶበር 24 ቀን 1916 ከዚህ የባሕር ዳርቻ የተመለመሉ የሶማሌ ወታደሮች ቬርዳን አጠገብ የዱዎሞንን ምሽግ ለማስመለስ በተደረገው ውጊያ ተሰለፉ። ከሦስት ቀን በኋላ ሰገሌ ላይ ኢትዮጵያውያን ተላለቁ፤ ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር የነዚያው የሦስቱ መንግሥታት መልእክተኞች በልጅ ኢያሱ ላይ የጋራ ማስታወሻ አቅርበው ነበር። የሰገሌ ምክንያት ያቺ ማስታወሻ ብቻ ናት አንልም፤ እንዲያ ካልን የወንድማችንን ስሕተት ደገምነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ተከራካሪ ይነሣል። ይህኛው በፖለቲካ ትምህርት ያደገ ነው። «አያችሁ! ኢምፔሪያሊዝም ነው! ካፒታል ገበያ ሲጠበው ጦርነት ግዴታ ነው፤ ሌኒን ጽፎታል» ይለናል። ሌኒን በ1916 ጽፎ በ1917 ያሳተመውን ከኛ መሐል ያላነበበ የለም፤ ዱ ቦይስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ደግሞ ከሱ ቀድሞ በ1915 የጦርነቱን ሥር አፍሪቃ ውስጥ አሳይቷል፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ግዴታ ነው የምትለዋን ቃል አንቀበልም። በቅኝ ግዛት የተጣላ ሁሉ የሚዋጋ ቢሆን ኖሮ በ1914 እንግሊዝና ፈረንሳይ ባንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ባልቆሙ ነበር። ጀርመንና እንግሊዝም ስለ ባግዳድ ባቡር ሐዲድ ለዓመታት ሲጨቃጨቁ ኖረው በጁን 1914፣ አልጋ ወራሹ ሊገደል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በረቂቅ ውል ተስማምተዋል። ቅርምቱ መንገዱን ጠርጓል፤ የሰው አገር በጠረጴዛ ላይ መቁረስን አስለምዷል፤ ውል በምሥጢር መፈረምን፣ ሌላውን በጦር መርከብ ማስፈራራትን ለእነዚያ ሰዎች የዘወትር ሥራ አድርጎላቸዋል። በመንገዱ ላይ ለመሄድ ግን እግር ያነሡ፣ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ያ ተማሪ የጠየቀን ወር ይኸው። ከግድያው እስከ እንግሊዝ መግባት ሠላሳ ሰባት ቀን ነው። በጁላይ 5 እና 6 በርሊን ለቪየና፣ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ከኋላሽ አለሁ አለች። ጁላይ 23 ቪየና ለሰርቢያ የአርባ ስምንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ላከች፤ የተጻፈውም ሰርቢያ እንዳትቀበለው ተብሎ ነው። ሰርቢያ ግን አብዛኛውን ተቀበለች። ጁላይ 28 ጠዋት የጀርመኑ ቄሣር መልሷን አንብቦ ለጦርነት የሚያበቃ ምክንያት አልቀረም ብሎ ጻፈ፤ በዚያው ቀን ኦስትሪያ ጦርነት አወጀች። ጁላይ 29 ማታ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ የጠቅላላ ክተቱን ትእዛዝ ሰረዘ። አንድ ሌሊት አደረ። በማግሥቱ ሚኒስትሩ ሳዞኖቭ ገብቶ ሲወተውተው ክተቱን መልሶ አዘዘ። ኦገስት 1 ጀርመን በሩሲያ ላይ፣ ኦገስት 3 በፈረንሳይ ላይ አወጀች፤ ኦገስት 4 ቤልጅግ ገባች፤ እንግሊዝም በዚያው ቀን ገባች። ይህ ሁሉ ሲሆን ፕሪንሲፕ እሥር ቤት ነው። ንጉሡ የሰረዘው ትእዛዝ ተሰርዞ ቢቀርስ? ቄሣሩ በጠዋት የጻፈውን ለቪየና በጊዜ አጥብቆ ቢናገርስ? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ የሚቻለው ሣርና ክብሪት የሚለውን ተረት ከጣልን በኋላ ነው።

ጥፋቱን ማካፈሉን በሚመለከት፣ በ1919 አሸናፊዎቹ በቬርሳይ ውል 231ኛ አንቀጽ ኃላፊነቱን በጀርመንና በግብረ አበሮቿ ላይ ጫኑት። በ1961 ራሱ ጀርመናዊ የሆነው ፍሪትስ ፊሸር የአገሩን መሪዎች ከመዝገብ እየጠቀሰ ከሰሰ፤ በ2012 ክሪስቶፈር ክላርክ ሁሉም ዋና ከተሞች እጃቸው አለበት ብሎ ጻፈ። የኛ ፍርድ፣ ከባዱ ሸክም የቪየናና የበርሊን ነው፤ ፔትሮግራድ የተባለችው ከተማ ያኔ ፒተርስቡርግ እያለች የጨመረችው ቀላል አይደለም፤ ፓሪስና ለንደንም በንጹሕ እጅ አልገቡበትም። ከዚህ የተለየ ፍርድ ያለው ይምጣ፤ እንከራከር። ፍርድ የለም የሚለውን ግን አንሰማም።

ለምን እንዲህ እንደ ተቆጣን እንናገር። ያ ቢሮ የሰጠን ቅጽ ላይ «አገርዎን የለቀቁበት ምክንያት» የሚል ጥያቄ አለ፤ ለመልሱ የተተወው አንድ መሥመር ነው። ከኛ አንዱ ሁለት ጊዜ ጽፎ ሰረዘ። ቤቱን ያቃጠለውን ሊጽፍ ፈለገ፤ አቃጥሉ ብሎ ያዘዘውን ሊጽፍ ፈለገ፤ ከዚያም በፊት በስብሰባ ላይ ያጨበጨቡትን፣ ከነሱም መካከል የነበረውን ራሱን ሊጽፍ ፈለገ። መሥመሩ አልበቃውም። አስተርጓሚው አዘነለትና «ጦርነት ብለህ ጻፍ፤ ይበቃል» አለው። ጻፈ። ከዚያ ነው ወጥተን አደባባዩ ላይ የተቀመጥነው፤ ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አልተናገረም።

ጦርነት የሚባል ሰው የማንኛችንንም በር አላንኳኳም። ያንኳኩት ሰዎች ናቸው፤ ከፊሎቹን በስማቸው እናውቃቸዋለን። ወንድማችን ስለ 1914 «ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር» ብሎ ሲጽፍ፣ ነገ ልጆቻችን ስለኛ ዘመን የሚጽፉትን ዓረፍተ ነገር እያዘጋጀላቸው ነው። ያዘዙት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምንኛ ደስ ይላቸው!

ክርክሩ አርብ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ዳስ ይቀጥላል። ወንድማችን ጽሑፉን ይዞ ይምጣ፤ የመጀመሪያው ቃል የሱ ነው። እኛ ካርታውን እናመጣለን፤ የባልካን በኩል ተቀዷል፣ ሙጫ ያለው ሰው ቢይዝልን እናመሰግናለን።